ሳጉና በተዘጋው ባሕር ላይ

ሳጉና የሴት ስም ነው። መርከቧን ማን እንዲህ ብሎ እንደሰየማት አላውቅም፤ በመንደራችን ግን ከእሷ የበለጠ የታማች ሴት አልነበረችም። ዘገየች፣ አረጀች፣ ጭሷ ልብስ አጠቆረ፣ የሰው ልጅ ወስዳ ቀረች። መጀመሪያ የመጣችው እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ ሳለች ነው። ብርድ በበዛበት አገር ተሠርታ፣ ግማሽ ዓለም ዞራ ቦምቤይ ገባች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ከቦምቤይ ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ቦምቤይ፣ በሕንድ ምዕራብ ጠረፍ ያሉትን የኮንካንን መንደሮች አንድ በአንድ እያንኳኳች ኖረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ጫኑባት፤ ሲመልሷት ጎኗ ዝጎ፣ ድምጿ ሰልሎ ነበር። እኔ አያት ለመሆን ስበቃ ለብረት ነጋዴ ሸጧት፤ ቆራርጠው መዘኗት አሉ። ያን የሰማሁ ቀን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም።

መንደራችን ኬልዋዲ ወደብ የላትም። ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ስላለ ሳጉና ራቅ ብላ መልህቋን ትጥልና ጡሩንባዋን ትነፋለች። ያኔ ጀልባዎቻችን ይወጣሉ፤ ወራጁን ያወርዳሉ፣ ሂያጁን ያደርሳሉ። ጀልባ የማይደርስበትን የመጨረሻውን ውኃ ደግሞ ተሳፋሪው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ይሻገራል። የቦምቤዩ ጠበቃም፣ ቄሱም፣ የወፍራሙ ነጋዴ ሚስትም እንደ ጆንያ ተሸክመናቸው ነው የሚወርዱት። አባቴ ናማ የመንደሩ አለቃ ነበሩ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጀልባ የእሳቸው ነው።

እኛ ኮሊዎች ነን፤ ዓሣ አጥማጆች። ክረምት ሲቃረብ ባሕራችን ይዘጋል። አለቃው ጀልባቸውን ወደ ደረቁ አስጎትተው፣ አፍንጫውን ቀይ ቀብተው፣ በኮኮናት ቅጠል ሲሸፍኑት ባሕሩ ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ፣ ዝናቡ አልቆ ጨረቃ ሞልታ ለባሕሩ ኮኮናት እስኪሰጠው ድረስ፣ ማንም ኮሊ ውኃውን አይደፍርም። የደፈረ እንደሆነ ባሕሩ ከቤቱ አንድ ሰው ይወስዳል። ይህን ማን ደነገገው ብላችሁ አትጠይቁኝ። እያንዳንዱ ቤት የተወሰደ አጎት አለው።

ሠርግም አብሮ ይዘጋል። ክረምቱን አማልክቱ ይተኛሉ፤ እነሱ በተኙበት ሴት አትዳርም። ስለዚህ የመጨረሻዋ መርከብና የመጨረሻው ሠርግ ሁልጊዜ በዚያው ሰሞን ይገጣጠማሉ። የእኔም ዕድል በዚህ መሀል ነው የተበላው።

ዳጋዱን ያገኘሁት ሳስታውክ ነው። የፍቅር ታሪክ እንዲህ አይጀመርም ትሉ ይሆናል፤ የእኔ ግን እንዲህ ጀመረ። ከአባቴ እህት ከአክስቴ ከባያ ጋር ደረቅ ዓሣ በቅርጫት ይዘን ቦምቤይ ልንሸጥ ተሳፍረናል። ጀልባ ውስጥ ተወልጄ ጀልባ ውስጥ ያደግሁ ልጅ፣ የሳጉና ከሰልና ዘይት ገና ሲሸተኝ አንጀቴ ተገለበጠ። ብረቱን ተደግፌ ባሕሩ ላይ አጎንብሻለሁ፤ ከኋላዬ የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

«የኮሊ ልጅ መስለሽኝ ነበር። ለካ የባለሱቅ ልጅ ነሽ!»

«ምን አገባህ!»

«ዓሣዎቹን ቁርስ እያበላሽልን እኮ ነው። እንዴት አያገባኝ?»

አክስቴ ባያ ከቅርጫቷ ላይ ተነሳች። ምላሷ ከዓሣ ቢላዋ ይስላል። «አንተ! ሂድና ገመድህን ጎትት! ልጅቷን ያመማት ባሕሩ አይደለም፣ የእናንተ ግም ጭስ ነው!»

«አውቃለሁ እማማ፣ አይቆጡ። እኔንም መጀመሪያ ሰሞን አንጀቴን ነው ያወጣው።» ከወገቡ ቋጠሮ ኮኩም የሚባለውን የደረቀ ጎምዛዛ ፍሬ አወጣና ዘረጋልኝ። «ይህን ምጠጪ። ይጎመዝዛል፣ ግን ያረጋጋል።»

«ከወገብህ የወጣ ነገር አልበላም።»

«ከወገቤ አይደለም፣ ከእናቴ ጓዳ ነው የወጣው።»

ተቀበልኩት። ጎመዘዘኝና ዐይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጠው አሁንም እያየኝ ነበር። ቀጭን ነው፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ የፊት ጥርሱ ጫፏ የተሸረፈ። መልከ መልካም ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ሰው ሲያይ ሌላ ሥራ እንደሌለው አድርጎ ነው የሚያየው።

«ስምህ ማነው?»

«ዳጋዱ።»

በቋንቋችን ድንጋይ ማለት ነው። «ድንጋይ? ምን አድርገህ ነው ድንጋይ ያሉህ?»

«ምንም። ከእኔ በፊት የተወለዱት ወንድሞቼ ሁሉ ሞቱ። እናቴ ሞትን ልታታልለው ነው። ሲመጣ ‹ይሄ ድንጋይ ነው› ብሎ እንዲያልፈኝ።»

«እና አለፈህ?»

«እስካሁንማ አልፎኛል» አለና ሳቀ። የተሸረፈችው ጥርሱ ታየች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲያው እንደገና አስታወክሁ።

ዳጋዱም ኮሊ ነው፤ ሥራው ግን የባሕሩን ጥልቀት መለካት ነበር። መርከቧ ወደ ዳር ስትጠጋ ከፊት ቆሞ እርሳስ የታሰረበት ገመድ እየወረወረ፣ ውኃው ስንት እንደሆነ ለካፒቴኑ በዜማ ይጠራል። ከዚያ ጉዞ በፊት ያን ጥሪ ስንት ዓመት ሰምቼው ኖሮ እንደ ቁራ ጩኸት ነበር የምቆጥረው። ከተመለስን በኋላ ግን ሳጉና ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል እጄ ላይ ያለውን ሁሉ እጥላለሁ።

ሴቶቻችን በጀልባ እየሄዱ ከመርከቧ መሰላል ሥር ኮኮናትና የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣሉ። እኔ በስንፍና የታወቅሁት ማንኪ፣ በድንገት ከሁሉ ቀድሜ ጀልባው ውስጥ የምገኝ ሆንኩ።

«ምን ነው እንዲህ ንግድ የወደድሽው?» ትለኛለች አክስቴ ባያ።

«ቤተሰቤን ልርዳ ብዬ ነው።»

«አዬ! ቤተሰብሽን ነው ወይስ ያን ድንጋይ?»

ዳጋዱ ከላይ ሆኖ ቅርጫት በገመድ ይልክልኛል፤ ኮኮናት እጨምርበታለሁ። «ይሄ ባዶ ነው፣ ውኃ የለውም» ብሎ ይመልሰዋል። ሌላ እልካለሁ። «ይሄ ደግሞ ፂም አብዝቷል።» ሌላ እልካለሁ። ሌሎቹ ገዢዎች ይጮኻሉ፣ ካፒቴኑ ይጮኻል፤ እኛ ኮኮናት እንመርጣለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ሲያወራው እኔ ማንም አላወቀብኝም እያልኩ ነበር።

በጋው እያለቀ ሲሄድ ዳጋዱ አንድ ጉዞ ፈቃድ ወስዶ ኬልዋዲ ወረደ። አባቴን ሊጠይቃቸው ነው። አትጠይቃቸው ብዬው ነበር። «ደብቄ የምወስድሽ ሌባ ነኝ?» አለኝ። ልብሱ ንጹሕ፣ ፀጉሩ በዘይት የተለሰነ፤ አባቴ ደጅ ሲቆም ሳየው ልቤ ራራለት።

አባቴ በፈገግታ ተቀበሉት። ምንጣፍ አነጠፉለት፣ በራሳቸው እጅ ዓሣ አቀረቡለት።

«ጀልባህ የት ነው ያለው ልጄ?»

«ጀልባ የለኝም አባቴ። ሳጉና ላይ ነው የምሠራው።»

«ሳጉና ያንተ ናት?»

«አይደለችም።»

«እህ» አሉ። ጀልባ የሌለው ኮሊ ለአባቴ በሬ እንደሌለው ገበሬ ነው፤ ሰው አይደለም። ከዚያ እንደገና ፈገግ አሉ። «ብላ፣ ብላ። የዓሣው ጭንቅላት የእንግዳ ነው። አሁን ባሕር ሊዘጋ ነው፤ ሲከፈት ና፣ እንነጋገርበታለን።»

ዳጋዱ እየዘለለ ነው የወጣው። ከኮኮናቶቹ ሥር ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

«እምቢ አላሉም!» አለኝ።

«ዳጋዱ፣ አባቴ እሺ ሲሉ ይጮኻሉ። እምቢ ሲሉ ነው ዓሣ የሚያበሉት።»

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። የማያውቀውን ነገርኩት። አባቴ ለቪቱ ሰጥተውኛል። ቪቱ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጀልባው ከአባቴ ጀልባ ጎን የሚቆም ሰው ነው። ሠርጉ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ሳጉና ለመጨረሻ ጊዜ መጥታ በሄደች በሳምንቱ ነው። ባሕር ሲከፈት ዳጋዱ ቢመጣ የሚነጋገርበት ነገር አይኖርም።

ከዛፉ ቅርፊት እየላጠ መሬት ላይ ይጥል ነበር።

«በመጨረሻው ጉዞ ነይ» አለ። «እንደ ሁልጊዜው ለመሸጥ ነይ። ቅርጫቱን እዚያው ጀልባው ላይ ተይው። ከመሰላሉ ጫፍ እጄን እሰጥሻለሁ፤ ካፒቴኑን እለምነዋለሁ። እናቴ የምትኖረው ቦምቤይ፣ ማዝጋዎን ሰፈር ነው፤ በሷ ቤት እንጋባለን።»

«እጅህን ባትሰጠኝስ?»

«ምን ነካሽ? እጄ ምን ሥራ አለውና!»

ሄደ። እኔም ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። ልብስ አልቋጠርኩም፣ ዐይኔን አላቀላሁም፤ ለአባቴ ሩዛቸውን እንደ ሁልጊዜው አቀረብኩ። ግን ደስታ ከጭስ አይሻልም፣ በቀዳዳው ሁሉ ይወጣል። ዓሣ ስበልት አዜም ነበር መሰለኝ። አባቴ አንድ ቀን ቆም ብለው ሰሙኝና ምንም ሳይሉ አለፉ።

በማግስቱ ሕልም አየሁ አሉ። እመቤታችን፣ ተራራ ላይ ያለችው አምላካችን፣ ፀጉሯን ፈትታ መጥታ «ናማ፣ ባሕሬን ዝጋልኝ» አለችኝ አሉ። መንደሩ ተሰበሰበ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ዳመና የሚባል የለም። የሳጉና የመጨረሻ ጉዞ ገና አልመጣም።

«አለቃ» አለ ሺቭራም፤ ቦምቤይ በጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ለዘመድ ሞት መጥቶ የሚመለስ ሰው ነው። «መርከቧ እስክትመጣ ብንጠብቅስ? እኔ ሥራዬን አጣለሁ እኮ።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አሉ አባቴ በለሆሳስ። «እሷን ጠይቃት።»

ማን አምላክን ይጠይቃል? ጀልባቸውን አስጎተቱ። አፍንጫውን ቀይ ቀቡት፣ ቅጠሉን አለበሱት፣ እጃቸውን አጣምረው ሰገዱ። ከመርከቧ የሚያገኙትን የመጨረሻውን ገቢ ራሳቸው ላይ ዘጉ። ይህን ያየ ሁሉ ሕልሙን አመነ፤ ናማ በከንቱ ጥቅሙን አይተውም ተባለ። ሌሎቹም ጀልባዎች እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ወደ ደረቁ ወጡ።

አክስቴ ባያ አጠገቤ ቆማ ምራቋን ተፋች። «ቂም ይዞ ጸሎት» አለች፤ ድምጿን ግን ዝቅ አድርጋ ነው። እሷም ኮሊ ናት።

አባቴ በር አልቆለፉብኝም። በትር አላነሱም። አምላክን ዘበኛ አድርገው አቁመውብኝ ሩዛቸውን በልተው ተኙ።

ሳጉና ፀሐይ ጠንከር ስትል መጣች። ባሕሩ የረጋ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የረጋ ባሕር አላየሁም። መልህቋን ጣለች፣ ጡሩንባዋን ነፋች። የኬልዋዲ ሰው በሙሉ አሸዋው ላይ ቆሟል፤ ጀልባዎቹ ሁሉ ቅጠል ለብሰው ከኋላችን ተደርድረዋል። ሺቭራም ጓዙን ተሸክሞ የሕልም አባት ይሙት እያለ ይሳደባል።

ቅርጫቴን ይዤ ከጀልባ ወደ ጀልባ ሄድኩ። ሃሻ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጅ ሳለሁ ጫንቃቸው ላይ አሳድገውኛል።

«አባባ ሃሻ፣ ያድርሱኝ። አድርሰውኝ ብቻ ይመለሱ።»

«ልጄ» አሉ፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። «ገንዘብ ብትዪኝ እሰጥሻለሁ። ይህን ብቻ አትጠይቂኝ። የልጅ ልጆች አሉኝ።»

ሳጉና ሁለተኛ ነፋች።

ዳጋዱ ከመርከቧ ፊት ቆሞ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ለእኔ የለበሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ በሥራ ቀን ነጭ አይለብስም። ገመዱ እጁ ላይ ነው። ወደ እኛ ያያል፣ ወደ ጀልባዎቹ ያያል፣ እንደገና ወደ እኛ።

ቅርጫቱን ጥዬ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ሴቶቹ ጮኹ። እስከ ወገቤ፣ እስከ ደረቴ ሄድኩ፤ ሳሪዬ ከበደኝና መራመድ አቃተኝ። እንደ እኛ አገር ሴት ሁሉ ዋና አልተማርኩም። እሱ ግን ዓሣ ነው። መንገዱ ለእሱ ጨዋታ ነው፤ አንድ ትንፋሽ ወስዶ፣ ዘሎ፣ መጥቶ አጠገቤ መቆም። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ይሁን። በጀርባው አዝሎ ይዋኝ፣ ወይም ከእኔ ጋር አሸዋው ላይ ቆሞ አባቴን ዐይን ዐይናቸውን ይያቸው።

«ዝለል!» ብዬ ጮህኩ። «ዳጋዱ! ዝለል!»

ሰምቶኛል። ያን ያህል ጸጥ ያለ ቀን ነበር፤ መልህቁ ሲነሳ የሰንሰለቱ ድምፅ እኛ ድረስ መጥቷል። እግሩን ብረቱ ላይ ሲያወጣ አየሁ። ከዚያ እግሩን መልሶ አወረደ።

ሳጉና ሦስተኛ ነፍታ ዞረች። ዳጋዱ እጁን አነሳ። ደህና ሁኚ ይሁን፣ ጠብቂኝ ይሁን፣ ይቅር በዪኝ ይሁን አላውቅም። ዝም ብሎ የተነሳ እጅ ነበር።

አክስቴ ባያ ናት ጎትታ ያወጣችኝ። እኔን እየጎተተች ወደ መርከቧ ዞራ እሱን ትሳደብ ነበር፤ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም! ድንጋይ ብላ ስም ያወጣችልህ እናትህ አውቃ ነው!» አባቴ ደረቅ ፎጣ ይዘው መጡና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«ማንም አልከለከለሽም» አሉኝ በፍቅር ድምፅ። «ባሕሩ ነው የተዘጋው።»

ቪቱን አገባሁ። እጄ ላይ አረንጓዴ አምባር፣ አንገቴ ላይ ጥቁር ዶቃ አሰሩልኝ፤ ዝናቡ ድግሱ ሳይነሳ ጀመረ። ቪቱ መጥፎ ሰው አይደለም። የከፋውም ይኸው ነው። ቢመታኝ፣ ቢጠጣ፣ ቢያንቋሽሸኝ አንድ የምጠላው ነገር ይኖረኝ ነበር። እሱ ግን ትኩሱን ዓሣ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ጅራቱን ራሱ የሚበላ፣ ሲያንኮራፋ ነቅቼ ካገኘኝ «ቀሰቀስኩሽ?» ብሎ የሚያፍር ሰው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ ዝናብ ስሰማ ከረምኩ።

ጨረቃዋ ሞላች፤ ለባሕሩ ኮኮናት ተሰጠው፤ ሳጉና መጣች። ቪቱና አባቴ አሁን ሥራቸው አንድ ስለሆነ መሰላሉ ሥር መሸጥ የእኔ ድርሻ ሆነ። ዳጋዱ መሰላሉን ወርዶ የመጨረሻው እርከን ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። አምባሮቼን አያቸው።

«እንዴት ነሽ?»

«ኮኮናት ትገዛለህ?»

«ማንኪ…»

«የተጠበሰ ዓሣም አለኝ። ትኩስ ነው።»

«ማንኪ፣ ስድብሽን ልስማ። ስደቢኝ።»

አልሰደብኩትም። ክረምቱን ሙሉ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር ስታላምጠኝ የከረመችው።

«ለምን አልዘለልክም?»

«ባሕሩ ተዘግቶ ነበር» አለ ቶሎ። እሱም ክረምቱን ሙሉ ይዞት የከረመው መልስ ነበር። «ጀልባዎቹን አየኋቸው፤ ቅጠል ለብሰዋል። አንቺም ኮሊ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። እኔን ቢወስደኝ ግድ የለኝም። ግን ከቤት ነው የሚወስደው። ቤቴ ውስጥ ያለችው እናቴ ብቻ ናት። ያን ሁሉ ልጅ ቀብራ እኔን ያስቀረች ሴት… እንዴት አድርጌ?»

«ሳጉና የት ላይ ነበር የቆመችው?»

«ምን?»

«ያን ቀን። አንተ ያለህባት መርከብ። የት ላይ ነበር የቆመችው? ደረቅ መሬት ላይ?»

ወደ ውኃው አየ፣ ወደ ሳጉና ጎን አየ፣ እንደገና ወደ ውኃው። ይህን ስሕተት ከኮሊ በቀር የሚሠራው ሰው የለም። ባሕር የሚዘጋው በእጃችን ለጠረብነው እንጨት ነው ብለን ነው የምናስበው፤ የፈረንጅ ብረት ከቁጥር አይገባም። ዳጋዱ ባሕር ከተዘጋ በኋላ ባሕሩ ላይ ዋለ፣ ባሕሩ ላይ ሩዙን በላ፣ ባሕሩ ላይ ተኝቶ ቦምቤይ ገባ። አንድ ጊዜም ትዝ አላለውም። እኔም ትዝ ያለኝ ካገባሁ በኋላ ነው።

ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ቀን ኮኮናት አልገዛም። ከዚያ በኋላ ሳጉና ስትመጣ ጥሪው ይሰማኛል፤ ድምፁን ግን እንደ ድሮው አያዜመውም፣ ቁጥሩን ብቻ ይጠራል። መሰላሉን መውረድም ተወ። እኔም ሆዴ እየገፋ ሲሄድ ጀልባ መውጣት ተውኩ። ወንድ ልጅ ወለድኩ።

በቀጣዩ ዓመት ዳመናው እውነተኛ ነበር። ሕልም አላስፈለገም። ነፋሱ ቀድሞ መጣና ጀልባዎቹ በሙሉ በችኮላ ተጎተቱ፣ ቅጠል ለበሱ። ሳጉና የመጨረሻ ጉዞዋን ይዛ ስትደርስ ባሕሩ ግራጫ ሆኖ ይፈላ ነበር። ራቅ ብላ ቆማ ስትነፋ ልጄን ታቅፌ ደጃፌ ላይ ነበርኩ። ወደ ባሕሩ ዳር መውረድ አልፈለግሁም።

የሰው ጩኸት ነው የሰማሁት። «ዘለለ! ሰው ዘለለ!»

እኔ ደጃፌ ላይ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ወደ ታች ሮጠ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ እሱን የሚያላጉትን ማዕበሎች እያሰብኩ፣ ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤው ነበር መሰለኝ አለቀሰ። ብዙ ቆይቶ ዳጋዱ መንገዱ ላይ ብቅ አለ። ድንጋዩ ጉልበቱንና ክርኑን ልጦታል፤ ደምና ጨው ይንጠባጠብለታል። ከኋላው መንደርተኛው በርቀት ይከተለዋል፤ የተረገመ ሰው እንደሚከተሉት። አባቴ ከሁሉ ኋላ ናቸው፤ ዐይናቸው ባሕሩ ላይ ነው፣ ማንን እንደሚወስድ ይጠብቃሉ።

ዳጋዱ ፊቴ ቆመ።

«ዘለልኩ» አለኝ።

ቪቱ ከውስጥ ወጣ። አየው፤ አየኝ። ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ኬልዋዲ ውስጥ የማያውቅ የለም። ተመልሶ ገባና ደረቅ ልብሱን አምጥቶ ሰጠው። «ያለው ይሄ ነው» አለው። ከዚያ መረብ የሚጠግን መስሎ ወደ ጓሮ ሄደ። መረቡ የተቀመጠው ግን በፊት ለፊት በኩል ነበር።

«እናትህስ?» አልኩት።

«ሞታለች። በበጋው፣ አልጋዋ ላይ። ማንም ባሕር ሳይደፍር።» ሊስቅ ሞከረ። «አሁን የሚወሰድብኝ ሰው የለኝም ማንኪ። ነይ እንሂድ። በእግር እንሄዳለን፣ በተራራው በኩል። ልጁን እኔ አዝለዋለሁ። የእኔ ይሆናል።»

የልጄን ጭንቅላት አየ። ደግ ዐይን ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይህን አልክድበትም። እግሬ ሊነሳ ፈልጓል። እዚያች ደጃፍ ላይ ሁለት ሴት ነበርኩ፤ አንዷ ተነስታ ሄዳለች።

«ያን ቀን የምታጣው ነበረህ» አልኩት። «ያን ቀን ብትዘል ኖሮ፣ ተራራ አይደለም፣ ገሃነም ድረስ እከተልህ ነበር። ዛሬ የዘለልከው የምታጣው ስለሌለህ ነው። አሁን የምታጣው ያላት እኔ ነኝ።»

«ማንኪ፣ እንዲህ አትበዪኝ።»

«ምን ልበልህ? እውነቱን ነው ያልኩህ። እወድሃለሁም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።»

ቆመ። ሳጉና ከሩቅ ነፋች፤ እሱን አልጠበቀችውም፣ ዞራ ሄደች። ዳጋዱ የቪቱን ልብስ ሳይለብሰው አጣጥፎ ደጃፉ ላይ አስቀመጠው። እርጥቡን እንደለበሰ፣ እያነከሰ፣ ሽቅብ በተራራው መንገድ ወጣ። ዝናቡ የጀመረው እሱ ከዐይኔ ሳይጠፋ ነው።

ከዚያ በኋላ ዳጋዱን ሳጉና ላይ ያየው የለም። ጥልቀቱን የሚጠራ ሌላ ሰው መጣ፤ እሱም አርጅቶ ሌላ መጣ። አንዱ መንገደኛ ፋብሪካ ገብቷል አለ፣ ሌላው አግብቷል አለ፣ ሌላው ሞቷል አለ። የቱንም አላመንኩም፤ የቱንም አላጣራሁም።

በዚያች ቀን ቪቱ ከጓሮ ሲመለስ ዝናብ አበስብሶታል። ልብሱን ከደጃፉ ላይ አነሳ፣ አራገፈው። ዐይኑን ወደ እኔ አላነሳም።

«የምትሄጂ መስሎኝ ነበር» አለ።

«እኔም የምሄድ መስሎኝ ነበር» አልኩት።